ሰርፕራይዝ ማለት ደስ የሚል ነገር ብቻ ነው እንዴ?

ሰሞኑን እኛ የድሬ ልጆች በምንጻጻፍበት መድረክ ላይ አንድ ክር፣ ማለትም አንድ ጥያቄና ከሥሩ የሚደረደር መልስ፣ ተከፍቶ ሰው ሲመላለስበት ሰነበተ። መልሱ ብዙ ነው። ስድቡንና ስቲከሩን ትቼ፣ ቁም ነገሩን በየቁጥሩ እያመለከትኩ እንደገባኝ አወራችኋለሁ። የራሴንም ሐሳብ እጨምራለሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ቃል ብቻ ሆኖ አላገኘሁትም።

ክሩን የከፈተው ልጅ የአንድ ድርጅት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። አለቃቸው ሐሙስ ማታ በቴሌግራም ግሩፓቸው ላይ ለነገ ሰርፕራይዝ እንዳዘጋጀላቸውና ማንም መቅረት እንደሌለበት ጻፈ። ሠራተኛው ቦነስ ነው ብሎ አደረ። ጭማሪ ነው ያለም ነበር። ጠዋት ሲገቡ የመጋዘኑ በር ታሽጓል፣ ኦዲተሮች በር ላይ ቆመዋል። ሰርፕራይዙ የንብረት ቆጠራ ሆኖ አረፈው። ልጁ የጠየቀው እንግዲህ ይህንን ነው፤ ይህ የእንግሊዝኛ ቃል ለደስታ አይደለም ወይ? ለቆጠራና ለምርመራ ይሆናል ወይ? አለቃው ነው ቃሉን የማያውቀው ወይስ እኛ?

1ኛው መልስ አጭር ነበር። ቃሉ ለልደት፣ ለኬክና ለፊኛ መሆኑን፣ አለቃውም ሰው ላይ እንደቀለደ ተናግሮ ወጣ። ብዙ ላይክ አገኘ።

2ኛዋ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። በትሕትና ነው ያረመችው። ቃሉ በራሱ ደግም ክፉም አይደለም፤ ያልጠበቅከው ነገር ሲደርስብህ ወይም ሲደርስልህ ያው ቃል ነው። ለዚህም ነው እንግሊዞቹ ደስ የሚል ወይም ደስ የማይል የሚል ቅጽል ከፊቱ የሚጨምሩት። ቃሉ ደስታን ብቻ ቢይዝ ኖሮ ቅጽሉ ምን ይሠራል ስትል ጠየቀች። ከዚያ የክፍሏን ነገር አነሳች። ተማሪዎቿ ተገርሜአለሁ ለማለት ፈልገው በኢንግ የሚያልቀውን ይጽፋሉ፤ ያ ደግሞ አስገራሚ ነኝ ማለት ነው። በኢዲ ጨርሱት ብላ ስትደክም ዓመቱ ያልቃል።

3ኛው ታዲያ እኛ ለምን ለደግ ብቻ ወሰድነው ብሎ ጠየቀ። 4ኛዋ የመለሰችው መልስ ከክሩ ሁሉ ለእኔ የተሻለው ነው። ለክፉው እኛ ድሮውኑ ቃል ሞልቶናል አለች። ዱብ ዕዳ አለን። ድንገት አለን። ድንገተኛ ስንል መጀመሪያ ትዝ የሚለን የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ነው። አንድ ሰው ስልክ ደውሎ ድንገት የሚል ቃል ከተናገረ ሰሚው ገና ሳይጨርስለት ቁጭ ይላል። ያልታሰበ ደስታ ሲመጣ ግን በአንድ ቃል የምንጠራበት ስም አልነበረንም፣ ስለዚህ ከተሜው የውጭውን ቃል ወስዶ ለዚያ ብቻ አዋለው። እንግሊዝኛው ሰፊ ነው፣ አማርኛችን ውስጥ የገባው ግን ጠባብ ነው። አለቃው በእንግሊዝኛው ተናገረ፣ ሠራተኛው በአማርኛው ሰማ። እኔ እዚህ ላይ ጥያቄው የተመለሰ መስሎኝ ነበር።

5ኛው ግን የድሬው የከዚራ ሰፈር ሰው ናቸው፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ። መድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ቃሉን የእንግሊዝ ማድረጋችንን አልወደዱትም። እንግሊዞች ከፈረንሳይ ነው የወሰዱት፣ ድሬ ደግሞ ከእንግሊዝኛው በፊት ፈረንሳይኛውን ሰምታለች ብለው ጻፉ። ሐዲዱ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፣ ከተማዋም ከሐዲዱ ጋር ነው የተወለደችው። ኩባንያው የፈረንሳይ ነበርና ሥራው፣ ቅጹ፣ ትእዛዙ ሁሉ በፈረንሳይኛ ነበር። ለገሀር ያልነውም ያንኑ የባቡር ጣቢያ የሚሉበትን ቃል ይዘን ነው። እሳቸው በወጣትነታቸው ቃሉን የሰሙት ሲውርፕሪዝ ተብሎ ሲጠራ ነው፣ ያውም ለኬክ አይደለም። የፈረንሳይኛው ግስ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ በላይ ማለት ነው፣ ሌላው መያዝ። ሳያውቅ ላዩ ላይ ደርሶ መያዝ እንደ ማለት። በመጀመሪያም የጦርነት ቃል ነበር፣ ጠላትን ሳይዘጋጅ መክበብና መማረክ። ከመደነቅና ከስጦታ ጋር የተያያዘው በኋላ ነው። ጋሼ በዚህ ብቻ አላበቁም፤ የጣቢያውን ሰዓት፣ የእንፋሎቱን ፉጨት፣ ቡፌው ውስጥ የሚሸጠውን ሁሉ ዘረዘሩ። ረጅም ነው፣ ግን አንብቡት።

2ኛዋ መምህርት ተመልሳ በ6ኛው ላይ አመሰገነቻቸው። እንግሊዝኛውም የጦሩን ትርጉም እስከ ዛሬ እንዳልለቀቀ ጨመረችላቸው። ሳይጠብቁት ያዙት ለማለት ቃሉን ከመያዝ ግስ ጋር አጣምረው ነው የሚናገሩት። ድንገተኛ ጥቃት ሲሉም ቃሉ ያው ነው።

7ኛው የሐረር ልጅ ጦር ሲነሳ ዝም አላለም። አድዋን ጠራ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል ጣልያኖች ሌሊቱን ተጉዘው ነበር የቀረቡት። በጨለማው ብርጌዶቻቸው ተለያዩ፣ የጣልያኑ ጄኔራል የአልቤርቶኔ ጦር ከሌሎቹ አልፎ ብቻውን ፊት ወጣ። ያልጠበቁት ነገር የገጠማቸው እነሱ ራሳቸው ሆኑ። የሐረሩ ገዥ ራስ መኮንንም እዚያው ነበሩ ሲል በኩራት ጨረሰ። 8ኛው ተቆጣ። ስለ መጋዘን ቆጠራ እየተወራ አድዋ ምን ያደርጋል፣ የሐረር ሰው ሁሉን ነገር ወደ ራስ መኮንን ካልወሰደ አይሆንለትም ብሎ ጻፈ። 9ኛው አቦ ተዉት፣ ልጁ ትክክል ነው ብሎ አበረደ። እኔም ከ9ኛው ጋር ነኝ። ቃሉ ከጦር ሜዳ የመጣ ከሆነ ጦር ሜዳን ማንሳት ከርእስ መውጣት አይደለም።

10ኛዋ ኦዲተር ናት፣ ክሩም ከዚህ ጀምሮ ሌላ መልክ ያዘ። እሷ እንዳለችው ሳይነገር የሚደረግ ቆጠራ በሙያው የታወቀ ነገር ነው፣ በእንግሊዝኛም የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። ሰው ለማዋረድ አይደለም የሚደረገው። በተለይ የካዝና ቆጠራ አስቀድሞ ከተነገረ የጎደለውን ብር ለአንድ ቀን ከሰው ተበድሮ ሞልቶ መጠበቅ ይቻላል። ንብረትም እንደዚያው ነው፤ ከሌላ መጋዘን ተጭኖ ይመጣል፣ ቆጠራው ሲያልቅ ይመለሳል። ስለዚህ አለማሳወቁ የሥራው አንድ ክፍል ነው። ልጁ የጻፈው አለቃ የተሳሳተው ታዲያ ቃሉን በመጠቀሙ ሳይሆን ማታ በመናገሩ ነው። ከዋዜማው ሰርፕራይዝ አለ ብሎ ያስነገረ ቆጠራውን ራሱ አበላሸው። ሠራተኛውን በደስታ አስጠብቆ አሳዘነ፣ ሌባ ካለም አነቃው። ሁለቱንም አጣ።

ይህን ሳነብ አጨበጨብኩ ማለት ይቻላል። ሁላችንም ስለ ቃሉ ስንከራከር የሥራውን ነገር ያየችው እሷ ብቻ ናት።

ከ11 እስከ 13 ድረስ አለቃውን መሳደብ ነበር። 14ኛው ግን ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። ንጹሕ ሰው ቆጠራ ምን ያስፈራዋል፣ ቦነስ የሚያልሙት የሰረቁትን ሊሸፍኑበት ነው ዓይነት ነገር ጻፈ። 15ኛው በባሰ መለሰለት፣ አላነሳውም።

16ኛው ላይ ክሩን የከፈተው ልጅ ራሱ መጣ። ቁጣው ያስታውቃል፣ ግን አልተሳደበም። ቢን ካርዱ፣ የዕቃው መመዝገቢያ፣ ከቆጠራው ጋር እኩል ወጥቷል፣ የገቢው ሞዴል 19ም የወጪው ሞዴል 22ም በፋይሉ ውስጥ በተራ ተገኝቷል። ቆጠራውን ማንም አልጠላውም። ያመመው ሌላ ነው። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ የጓዳ ልብሷን ትታ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ትንሿን ልጇን ፀጉር ሠርታ፣ ይዛት መጥታ ነበር። ሽልማት ካለ ልጄ ትይልኝ ብላ ነው። በሩ ታሽጎ ስታይ ልጅቷን ከኋላዋ ደበቀቻት። ከዚያ ቀኑን ሙሉ የግቢው ዛፍ ሥር ተቀመጡ፣ ምክንያቱም ቆጠራው እስኪያልቅ ማንም እንዳይወጣ ተብሏል። ልጁ ይህን ጽፎ ሌላ ምንም አልጨመረም። 14ኛውም ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

17ኛዋ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ናት። የእሷ ታሪክ ከመጋዘን ጋር አይገናኝም፣ ግን ክሩን የያዘው እሱ ነው። ወንድሟ ከቶሮንቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲመጣ ለእናታቸው እንዳይነገር ተማማሉ። ሰርፕራይዝ ሊያደርጋት ነው። በጠዋቱ በረራ ድሬ ገባ፣ ሁለት የአጎት ልጆች ተቀበሉት፣ ገና ሰፈሩ ሳይነቃ በር አንኳኩ። አንደኛው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። እናት በሩን ከፈቱ። ያዩት ግን ልጃቸውን አልነበረም፤ በጠዋት ተሰብስበው በራቸው ላይ የቆሙ ወንዶችን ነው ያዩት። መርዶ መሰላቸው። ሌላ ልጅ ዓረብ አገር አለቻቸው። ፊቱን ሳያዩ ጮኹ። ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። ልጁ እኔ ነኝ እማዬ እያለ እግራቸው ሥር ቢወድቅም እሳቸው የሚጠሩት የእህቱን ስም ነው። ደም ግፊታቸው እስኪወርድ ፀሐይ ወጥታ ከረረች። ቪዲዮው ዛሬም ስልኩ ውስጥ አለ፣ ከቤተሰቡ የከፈተው የለም።

ከዚህ በኋላ የጻፉት ሁሉ ቃላቸው ለሰለሰ። 18ኛው እሱም በታላቅ እህቱ ላይ ይህን ሊያደርግ አስቦ እንደነበር ጽፎ 17ኛዋን አመሰገነ። 19ኛዋ ደግሞ አንድ ነገር አስታወሰችን። መርዶ የሚባለው ሥርዓት የተሠራው እኮ ሰው ክፉ ነገር በድንገት እንዳይወድቅበት ነው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ በጠዋት ተሄዶ በቀስታ ይነገራል። ስለዚህ እኛ አገር በጠዋት የሚንኳኳ በር የራሱ ትርጉም አለው። ከቶሮንቶ የመጣ ሰው ይህን ቢረሳ አይፈረድበትም፣ እዚህ ያሉት የአጎት ልጆች ግን ማሰብ ነበረባቸው። በዚህ እስማማለሁ። ያልታሰበ ደስታ ለማድረስ የሚነሳ ሰው ከሁሉ በፊት ያ ሰው ምን እንደሚፈራ ማወቅ አለበት። ኬኩም ፊኛውም ከዚያ በኋላ ነው።

20ኛው ግን ነገሩን ሁሉ እንዳንጥለው ፈለገ። ሐረር ጀጎል ውስጥ አባቱ ሱቅ አላቸው። ከአዲስ አበባ ሲመጣ አልነገራቸውም፣ ግን አስቀድሞ ከጎን ያለውን ባለሱቅ አስጠንቅቋል። ጊዜውንም መርጧል፤ ከሰዓት በኋላ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል። ገብቶ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ግማሽ ኪሎ ሙሽበክ፣ የሐረሩ ጣፋጭ፣ የት እንደሚገኝ ጠየቃቸው። አባት ቀና ሳይሉ በእጃቸው አቅጣጫ አሳዩት። ድምፁን የለዩት መንገዱን አሳይተው ሲጨርሱ ነው። ሳቁ፣ አለቀሱ፣ ሱቁን ዘግተው ወደ ቤት ይዘውት ገቡ። ይህንንም ወደድኩት። ከ17ኛዋ ታሪክ የሚለየው ዕድል አይደለም፣ አባቱን ማወቁ ነው።

21ኛው መልስ ሲመጣ መድረኩ ጸጥ አለ። ድሬን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ደራሹ ጎርፍ መጣ። ከ250 በላይ ሰው አለቀ። ለእሱ ያልታሰበ የሚለው ቃል ሁሉ፣ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ያን ሌሊት ነው የሚያስታውሰው። ልደት ላይ ሰዎች ተደብቀው በአንድ ጊዜ ሲጮኹበት ስለማይችል ጓደኞቹን አታድርጉብኝ ብሏቸዋል።

22ኛው ያልተጠበቀ በሚለው አልተስማማም፣ አነጋገሩም ሻካራ ነበር። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው በላዩ ይሄዳል፣ ይነግዳል። ግን ደራሽ እንደሚመጣበት ድሬ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ዳገቱ ላይ የዘነበው ነው ተሰብስቦ የሚወርደው። ስለዚህ ጎርፉ ድንገት ደረሰ እንጂ ያልታወቀ አልነበረም፤ ያልታወቀ ነው ካልን ዳሩ ላይ ቤት እንዲሠራ የተወውን ሁሉ ነጻ እናወጣዋለን አለ። 23ኛዋ ሐሳቡን ተቀብላ ቃሉን ነቀፈች። ሰው ሐዘኑን ሲነግርህ መጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናህ ይባላል፣ ክርክሩ ይደርሳል። ትክክል ናት። ግን የ22ኛውም ነገር ከውስጤ አልወጣም። አንድ ነገር መቼ እንደሚመጣ አለማወቅና እንደሚመጣ ጭራሽ አለማወቅ ይለያያሉ። በእንግሊዝኛውም በአማርኛውም ለሁለቱ አንድ ቃል ስለምንጠቀም እንዘናጋለን።

ከ24 እስከ 27 ወሬው ሌላ ሆነ። የአንድ ባጃጅ ኋላ ላይ ሰርፕራይዝ ተብሎ መጻፉን የተናገረ አለ፣ ሾፌሩ ዋጋ የሚነግርህ ከወረድክ በኋላ ስለሆነ ስሙ ይገባዋል ያሉትም አሉ። የልደት ዝግጅት ወጪ ተነሳ። ከነዚህ ውስጥ የምይዘው የ26ኛዋን ነው። ፕራንክን ከሰርፕራይዝ ለየችልን። አንዱ ላይ የሚስቁት ያደረጉት ናቸው፣ ሌላው ላይ የሚደሰተው የተደረገለት ነው። ዩቲዩብ ላይ ሁለቱ ተቀላቅለዋል። እናቱን አስደንግጦ ቪዲዮ የሚለቅ ልጅ ሰርፕራይዝ ብሎ ቢጽፍበትም ያው ፕራንክ ነው።

28ኛው ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ነው። ሒሳብ ይዞ መጣ። ክላውድ ሻነን የሚባል አሜሪካዊ በ1948 እ.ኤ.አ. መረጃን በቁጥር የሚለካበትን መንገድ አሳተመ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ነገር የመሆን ዕድሉ ባነሰ ቁጥር ሲሆን የሚነግርህ ነገር ይበዛል። ዛሬ ድሬ ሞቃለች ቢሉህ ምንም አልነገሩህም። ድሬ ላይ ሰው በቀትር ጋቢ ለብሶ ዋለ ቢሉህ ግን ትነሳለህ። ለዚህ ልኬት የተሰጠው ስም ሰርፕራይዛል ነው፣ ከዚሁ ቃል የወጣ። ሳንቲም ተወርውሮ አንበሳ ሲወጣ 1 ቢት ነው (ቢት የመረጃ መለኪያው ነው)፣ መሆኑ የተረጋገጠ ነገር ደግሞ ዜሮ። በዚህ ስሌት ደስታና ሐዘን አይገባም፣ ዕድል ብቻ ነው የሚቆጠረው። 29ኛው ይህን ሁሉ አቦ አታድክመን ብሎ አለፈው፤ እኔ ግን ልጁ ሳያውቀው የመምህርቷን ነገር በቁጥር ያረጋገጠ መሰለኝ።

30ኛዋ ያቺው መምህርት ናት። እግረ መንገዷን ስለ አጻጻፉ አስጠነቀቀች። ብዙ ሰው ከፒዋ በፊት ያለችውን አር ይዘላታል፣ ሁለት አር ነው ያለው። መጨረሻውንም በዜድ የሚጽፉ አሉ፤ ዛሬ አሜሪካኖቹም እንግሊዞቹም በኤስ ነው የሚጽፉት።

31ኛው ላይ ክሩን የከፈተው ልጅ ኦዲተሯን ጠየቃት፤ ቆጠራው ሲደረግ እኔ መኖር ነበረብኝ ወይ? መለሰችለት። የመጋዘኑ ኃላፊ ባለበት ነው የሚቆጠረው። የቆጠራው ቅጽ ላይ ሁለቱም ወገን ይፈርማል፣ አንድ ቅጂም ለእሱ ይደርሰዋል። ካልደረሰው በጽሑፍ ይጠይቅ።

33ኛዋ ደግሞ አሜሪካ ያለች እህቷ ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤልን ለመሳለም ልትመጣ መሆኑን፣ ለእናታቸው ግን እንዳይነገር ለምና እንዳስቸገረቻት ጻፈች። 17ኛዋን ካነበበች ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። መልሱ ጎረፈ፤ ገሚሱ አድርጉት፣ ገሚሱ ተዉት። እኔም እዚያ ላይ ጻፍኩላት። ዘንድሮ ለቁልቢ እንደምትመጣ እህትሽ ራሷ ደውላ ለእማማ ትንገራቸው፣ ቀኑን ብቻ አትናገር። ከዚያ አንቺ ቤት ሁኚ። በጠዋት በር አይንኳኳ። ቡና እየተፈላ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ባለበት ሰዓት ትግባ። ከፊት ብቻዋን ትቅደም፣ ወንዶቹ ሻንጣውን ይዘው ኋላ ይምጡ። ስልክም ማንም አያውጣ።